እጣን እጣን ለምትሸት ጓደኛ ምን ልስጣት?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የጓደኛዬ ልደት ደርሷል። ከቤት መውጣት የማትወድ ልጅ ናት። ቅዳሜ ማታ እኛ ቦሌ ስንዞር እሷ በረንዳዋ ላይ ተክሎቿን ውሃ አጠጥታ፣ ሻማ አብርታ፣ እጣን አጭሳ፣ ድመቷን አቅፋ ቁጭ ትላለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ፎቶ አንስታ ትልክልናለች። ሆዳችንን ሲያመን ቅጠል ቀጥፋ፣ አፍልታ ታጠጣናለች። በዚህ የተነሳ "ጠንቋይዋ" እያልን እንቀልድባታለን፣ እሷም ትስቃለች። ከሱቅ ገዝቼ የምወስድላት ነገር እንደማያስደስታት አውቃለሁ። በእጄ የሠራሁት ነገር ብሰጣት ደስ ይለኛል፤ ግን ባለሙያ አይደለሁም፣ መርፌ መያዝም አልችልም፣ ከሺህ ብር በላይም የለኝም። ሁለት ሳምንት ይቀረኛል። እስቲ አንድ ነገር ይበሉኝ።
ግራ የገባት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ደህና ነኝ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ሺህ ብሩም አያልቅም፣ ካለቀም ታክሲ ላይ ነው የሚያልቀው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ቤቷን የምትወድ ሴት ዕቃ አይጎድላትም። መደርደሪያዋ ሞልቷል፣ ግድግዳዋ ሞልቷል፤ አንቺ ሌላ ጌጥ ስትጨምሪባት "ውይ ሲያምር!" ትልሽና የት እንደምታስቀምጠው ስትጨነቅ ትከርማለች። ስለዚህ የሚያልቅ ነገር ስጫት። የሚበራ፣ የሚጨስ፣ የሚፈላ። ሲያልቅባት "ያንን ነገር አትደግሚልኝም?" ካለችሽ ስጦታሽ ሠርቷል ማለት ነው።

ሌላው፣ ስልክሽ ላይ የምታዪውን የፈረንጅ ጠንቋይ ዕቃ እርሺው። ጥቁር ሻማው፣ የራስ ቅሉ፣ የሚያብረቀርቀው ድንጋይ፣ እሱ ሁሉ ለፎቶ ነው። ጓደኛሽ የምትወደው ሽታና ቅጠል ከሆነ መርካቶ ቅመም ተራ ወይም ሾላ ገበያ አንድ ዙር ብትዞሪ አፍንጫሽ ራሱ ይመራሻል።

እኔ ብሆን ጧፍ እሠራላት ነበር። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠውን ቀጭኑን ጧፍ። ሙያ አይጠይቅም፣ ሲበራ የማር ሽታ አለው፣ ደግሞ የተንጋደደ ቢሆንም ያምራል። ማር ሻጮች ወይም ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ዘንድ ሄደሽ ሰፈፍ ጠይቂ። ሰፈፍ ማሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቆሻሻ ያለበት ሰም ነው፣ ከተጣራው ሰም ይረክሳል። ቤት አምጥተሽ አሮጌ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጣጂውና መለስ ባለ እሳት አቅልጪው። አሮጌ ድስት ያልኩሽ በምክንያት ነው፣ ሰም የነካው ድስት ለወጥ አይመለስም፣ እናትሽ ቤት የምትሠሪው ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ አስፈቅጂ። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልዪውና ሳትነካኪው አሳድሪው። ጠዋት ስታዪው ሰሙ ከውሃው በላይ ተንሳፍፎ እንደ ቂጣ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ገልብጪው። ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ነገር ተጣብቆበታል፤ እሱን በቢላ ፋቂው። ቢጫው ንጹህ ሰም ነው።

አሁን ሰሙን ረዘም ያለ ጣሳ ውስጥ ቆራርጠሽ ጨምሪ፣ ጣሳውን ደግሞ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አቁሚው። ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል፣ ቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው። ክሩ የጥጥ ፈትል ይሁን፣ ሦስቱን አንድ ላይ ግመጂው። ናይሎን ያለበት ክር ይቀልጥብሻል እንጂ በደንብ አይበራም። ፈትሉን ሰሙ ውስጥ ንከሪና ወዲያው አውጪው። ይቺ "ወዲያው" የምትለዋ ዋናዋ ነገር ናት፣ ምክንያቱም ብታቆዪው ቀድሞ የተለበጠው ሰም መልሶ ይቀልጥና ክሩ ራቁቱን ይወጣል። ጠብታው ሲያቆምና ቀዝቀዝ ሲል ድገሚ። እንደገና ድገሚ። መጀመሪያ ላይ ምንም የጨመረ አይመስልሽም፣ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሬዲዮ ክፈቺና ቀጥዪ። ትንሽ ወፈር ሲል ገና ለብ እያለ ለስላሳ ጣውላ ላይ በመዳፍሽ አንከባልዪው፣ ቀጥ ይላል። እርሳስ ሲያክል በቃ። አሥር አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ በቀጤማ ወይም በተረፈው ፈትል እሰሪያቸው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰም ከተቃጠለ ውሃ እንዳትደፊበት፣ እሳቱ ወደ ላይ ይዘልብሻል። ክዳን ክደኚውና ምድጃውን አጥፊ። ሁለተኛ፣ ሻማ ላይ የደረቀ አበባና ቅጠል ለጥፈው የሚያሳዩሽን አትስሚያቸው፤ ክሩ ተቃጥሎ እዚያ ሲደርስ አበባውም አብሮ ይነዳል። ድመት ያለበት ቤት መሆኑንም አትርሺ።

ጧፍ አልወደድሽም? የሚጨስ ነገር ቀላል ነው። እጣን በሙቀጫ ደቆስ ደቆስ አድርጊ፣ ዱቄት እንዳይሆን። ከርቤ በጣም ትንሽ ጨምሪበት፣ ከበዛ ቤቱን መራራ መራራ ያሸትተዋል። ከዚያ የደረቀ ጢንጅት ወይም የወይራ ስንጣሪ። ጢንጅትና ወይራ የወተት ዕቃ ሲታጠንባቸው የኖሩ ናቸው፣ ጓደኛሽ ገጠር የአያት ቤት ካላት ሽታውን ገና ሳታጨሰው ታውቀዋለች። ወገርት የሚጨምሩም አሉ፣ እባብና ቡዳ ያባርራል እያሉ፤ ለ"ጠንቋይ" ስጦታ ከሆነማ ምን ችግር አለው፣ ጨምሪበት። ክዳን ያለው ትንሽ ሸክላ ከሽሮ ሜዳ ገዝተሽ እሱ ውስጥ አድርጊው። ብቻ አስም እንደሌለባት እርግጠኛ ሁኚ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ መስኮት ይከፈት።

የሚፈላውን ካልሽ ጦስኝ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ጣርማበር አካባቢ የሚበቅለው ሽታው ሌላ ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጪ። እርጥብ ካገኘሽ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አስጥተሽ አድርቂው እንጂ ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። በጣትሽ ስትነኪው ኩርሽም ካለ ደርቋል። ኮረሪማ ፈልፍለሽ፣ ቀረፋ ሰባብረሽ፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ ጣል አድርገሽበት ብልቃጥ ውስጥ ክተቺው። ምን ምን እንዳለበትና መቼ እንደታሸገ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። የማታውቂው ቅጠል እንዳይገባበት፣ "ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው" ብሎ የሸጠሽ ሰው ቢኖር እንኳ።

ጤና አዳም ልሰጣት ብለሽ አስበሽ ይሆናል፣ ሁሉም ያስባታል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቡናዋ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ በረንዳም ላይ ትበቅላለች። ከቅርንጫፍ ቆርጠሽ ሥር እስክታወጣ ግን ሁለት ሳምንትሽ አይበቃም፣ መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች የተተከለውን ግዢ። የቲማቲም ድልህ ትልቁን ጣሳ በሚስማር ሥሩን ብሺው፣ ቀለም ቀቢው፣ አፈር ሙዪና አዛውሪያት። ታዲያ ስትነካኪያት ጥንቃቄ አድርጊ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ጠባሳው ወራት የሚቆይበትም ሰው አለ። ማታ ማታ ሥሪያት፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ነፍሰ ጡር ደግሞ እንደ ሻይ አፍልታ መጠጣት የለባትም፣ ይቺንም ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ ለሰው ሁሉ ቅጠል የምታፈላ ልጅ ናት ብለሽኛል።

ስፌት አልችልም ላልሽው፣ መርፌ የማይነካው ከረጢትም አለ። ከአሮጌ ነጠላ የእጅ መሐረብ የሚያህል አራት ማዕዘን ቅደጂ፣ መሐሉ ላይ የደረቀ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና አደስ አድርጊ፣ አፉን ሰብስበሽ በጥለቱ እሰሪው። ልብስ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አለቀ፣ ይኸው ነው።

አንድ የማያልቅ ነገር ብቻ እፈቅድልሻለሁ፣ የጨረቃ መቁጠሪያ። ወፍራም ወረቀት ላይ 13ቱን ወራት በእጅሽ ጻፊ፣ ጳጉሜን ትንሽ ጥግ ይበቃታል። ሙሉ ጨረቃ በ29 ቀን ተኩል ገደማ ስለምትመላለስ አንዷን ከስልክሽ አይተሽ ካረጋገጥሽ ቀሪውን መቁጠር ትችያለሽ፣ የአንድ ቀን ልዩነት ቢመጣ ማንም አይከስሽም። በየሙሉ ጨረቃዋ ላይ ክብ ሳይና ቢጫ ቀቢ። ከጎኑ ባዶ መስመር ተዪላት፣ ናናዋን መቼ እንደተከለች፣ አደይ መቼ እንደፈነዳች፣ ዝናቡ መቼ እንደገባ እሷ ትሞላዋለች። ሰፈራችሁ የአብነት ትምህርት የተማሩ አባት ካሉ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ (በጨረቃ አቆጣጠር በዓላት የሚወጡባቸውን ሁለት ቁጥሮች) ጠይቂያቸው፣ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። እሱን መቁጠሪያው ራስጌ ላይ ብትጽፊላት ጓደኛሽ ታብዳለች፣ እኔ ልንገርሽ።

ሁሉንም አትሥሪ ደግሞ። ሁለቱን ምረጪ። ጧፍና መቁጠሪያው ለእኔ ይበቃሉ። ካርዱ ላይ ደግሞ "ለጠንቋይዋ" ብለሽ እንዳትጽፊ። እናንተ ስትስቁ ጥሩ ነው፤ ግን ካርድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ እናቷ ያነቡታል፣ ጎረቤት ያነበዋል፣ አንዳንድ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ እዚህም አለችኝ። እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ለስጦታው ምን ይዛልኝ ትምጣ?

መልስ፦ ችግኝና አፈር በፍጹም። ዘርም ያለ ወረቀት ችግር ነው። እጣን፣ ከርቤና የደረቀ ቅመም ይዘው ከመጡ የጉምሩክ ቅጽ ከተሰጣቸው እሱ ላይ ይሙሉ፣ ሲጠየቁም ይናገሩ፤ የጉምሩክ ሰዎች አይተው የሚፈልጉትን ይወስዱ እንደሆን እንጂ ተናግሮ የሚቀጣ የለም፣ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው። እናትሽ "ምንም የለኝም" ማለት ይቀናቸው እንደሆነ ከአሁኑ ምከሪያቸው። ጧፉን እዚያው ሥሪው። የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ንብ ሰም በስስ ገበታ መልክ ይሸጣሉ፤ ክሩን ጠርዙ ላይ አስተኝተሽ መጠቅለል ብቻ ነው፣ እሳት አያስፈልገውም። ክረምት ከሆነ ገበታው ይሰባበራል፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሥዕል እሞክራለሁ። የጥንት ነገር ለምትወድ ጓደኛዬ ክታብ አስመስዬ ብራና ላይ ልስልላት አስቤያለሁ። ነውር ይሆን?
ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል፣ ክታብ ላይ ያሉት ትልልቅ ዓይኖችና መሐሉ ላይ ፊት ያለው ስምንት ጫፍ ኮከብ ማንንም ይስባሉ። ግን ክታብ ለአንድ ሰው ተብሎ፣ በስሙ፣ ብዙ ጊዜ ብራናው በቁመቱ ልክ ተቀጥሎ የሚጻፍ ነገር ነው፣ ዛሬም አንገቱ ላይ አስሮት የሚዞር አለ። ጸሎቱንና አስማቱን አስመስለህ ብትጽፍ የሚያምንበትም የማያምንበትም ይከፋዋል። ዓይኑንም ኮከቡንም ተውና ሐረጉን ውሰድ። የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለውን የተጠላለፈ ጌጥ ማለቴ ነው። በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ የማስታወሻ ደብተር ሽፋን ላይ ሳልላት። መጀመሪያ በእርሳስ ካሬ ካሬ አስምርበት፣ መስመሩ በላይ ያልፋል፣ ቀጥሎ በታች ያልፋል፣ እንደገና በላይ፤ አንዱን ከሳትክ እስከ ጠርዙ ድረስ ይዛባል፣ ስለዚህ ቀለም ከመንካትህ በፊት በጣትህ እየተከተልክ ቁጠረው። ብራና ካላገኘህ ወፍራም የካርቶን ወረቀት ይሆናል። በቀጭን የሻይ ውሃ ቀለም አስይዘው፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ሳልበት፣ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ይፈስብሃል።