የሬይድ ሂለሮች ጥያቄና መልስ፦ ማና ለምን ያልቅብናል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሂሊንግ (በውጊያ የተጎዱትን ማከም) ጠይቁኝ ስል አምስት ስድስት ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት፤ ከዚያ በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የማወራው ስለ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. እንደገና ስለተከፈተው፣ ሌቭል 60 ላይ ስለሚቆመውና 40 ሰው ሆነን ትልልቅ ጭራቆችን (ቦሶችን) ለመግደል ሬይድ ስለምንገባበት ጨዋታ። አዲሱን የጨዋታውን ስሪት (ሪቴይል) የምትጫወቱ ብዙው ነገር አይገጥማችሁም። እኔ ፕሪስት ነኝ፤ ከሚያክሙት ክላሶች (የተጫዋች ዓይነቶች) አንዱ። ወደ ፕሪስት ካዳላሁ ይቅርታ አልጠይቅም።

ጥያቄ፦ አዲስ ፕሪስት ነኝ። ሞልተን ኮር በሚባለው ሬይድ ውስጥ ቦሱ ግማሽ ሳይደርስ ማናዬ (ስፔል ወይም ድግምት ማውጫ ጉልበቴ) ጥርግ ይላል። ሌሎቹ ሂለሮች ግን ይተርፋቸዋል። ችግሩ ጊሬ (የለበስኩት ዕቃ) ነው?

ጊር ይረዳል፣ አልክድሽም። ግን እንደጻፍሽው ከሆነ ዋናው ችግር እጅሽ አለማረፉ ነው።

የአምስት ሰከንድ ሕግ የሚባል አለ። ማና የሚበላ ስፔል ባወጣሽ ቁጥር ከስፒሪት (ማና ቀስ በቀስ ከሚመልሰው ባሕርይሽ) የሚመጣው ማና ለ5 ሰከንድ ይቆማል። በየሦስት ሰከንዱ አንድ ትንሽ ሂል የምትወረውር ፕሪስት ውጊያው እስኪያልቅ ስፒሪቷ አይሠራላትም ማለት ነው። ሜዲቴሽን የሚባለው ታለንት (የምትመርጪው ተጨማሪ ችሎታ) 15 በመቶውን ያተርፍልሻል፤ ሌላው በከንቱ ይቀራል። ኤምፒ5 (በየ5 ሰከንዱ የሚመለስ ማና) የተጻፈባቸው ዕቃዎች ግን ይህ ሕግ አይነካቸውም፤ ስፔል ብታወጪም ባታወጪም ይሰጡሻል።

ስለዚህ ሂል ሲያስፈልግ ደራርበሽ አውጪ፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። አሥር ሰከንድ ቆሞ ማየት ስንፍና አይደለም። ጀማሪዎች ይህን ማመን ይከብዳቸዋል፤ ካልነካኩ ሰው የሚሞት ይመስላቸዋል። ሌላ የተመደበ ሂለር እኮ አለ!

ጥያቄ፦ ዳውንራንክ አድርግ (የስፔሉን ዝቅ ያለ ደረጃ ተጠቀም) ይሉኛል። ትልቁን ስፔል ተምሬ ለምን ትንሹን እጠቀማለሁ?

ምክንያቱም ጊርህ ላይ ያለው ፕላስ ሂሊንግ (ሂልህ ላይ የሚጨመረው ቁጥር) የስፔሉን ራንክ (ደረጃ) ብዙም አያይም። የሚያየው ስፔሉ ለማውጣት የሚወስደውን ጊዜ ነው። ጊዜውን ለ3.5 ታካፍላለህ፤ 3 ሰከንድ የሚወስድ ስፔል ከፕላስ ሂሊንግህ 86 በመቶ ገደማ ያገኛል። 500 ካለህ ወደ 430 ይጨመርልሃል። ይህ ለሂል ራንክ 2ም፣ ለትልቁ ግሬተር ሂልም ያው ነው። የማና ዋጋቸው ግን አይገናኝም፦ አንዱ ከ200 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላው ከ700 ያልፋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ከሌቭል 20 በታች የምትማራቸው ራንኮች ቅጣት አለባቸው፤ ፕላስ ሂሊንጉ ይቀነስባቸዋል። ድሩይድ የሚባሉት ሂለሮች ሂሊንግ ተች ራንክ 4ን የሚወዱት ለዚህ ነው። የሚማሩት ልክ ሌቭል 20 ላይ ስለሆነ ከቅጣቱ ያመልጣል።

ሦስት ራንክ ባርህ ላይ አስቀምጥ፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ከዚያ በላይ ከሆነ በጭንቅ ሰዓት ጣትህ ይምታታል።

ጥያቄ፦ የሬይድ ሊደር ነኝ። አሥር ሂለር አለኝ፤ ታንኩ (ጠላት ይዞ ምቱን የሚቀበለው ሰው) ግን ይሞታል። ሰው ልጨምር?

አትጨምር። ያሉህን አከፋፍል።

ያላከፋፈልከው ሬይድ አስተናጋጆቹ ሁሉ አንድ መሶብ ላይ ወጥ የሚደፉበት ድግስ ነው፤ እዚያ ይፈሳል፣ ጎን ያለው ደረቅ እንጀራ ይበላል። ታንኩ ሲመታ አሥሩም በአንዴ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ሂል ይሞላዋል፣ የዘጠኙ ማና ይባክናል። ቀጥሎ ታንኩ በድጋሚ ሲመታ አሥሩም ገና ሌላ ስፔል እየጀመሩ ናቸው። የሚሞተው በዚያች ክፍተት ነው።

እኔ ብሆን ከአሥሩ ሦስቱን ለዋናው ታንክ ብቻ እሰጣለሁ። ሬይዱ ቢሞት እንኳ ዓይናቸው ከእሱ አይነቀልም። ሁለቱ ለሁለተኛው ታንክ። የቀሩት አምስቱ 8ቱን የአምስት አምስት ሰው ግሩፖች ይከፋፈላሉ። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ተተኪ መሰየም። የዋናው ታንክ ሂለር ከወደቀ ማን ይተካዋል? ስሙ ከውጊያው በፊት በሬይድ ቻት ይጻፍ። በድምፅ ብቻ የተነገረ ምደባ አይያዝም፤ ግማሹ ሰው ቡና ሊያፈላ ሄዷል።

ክላሱንም እይ። አሊያንስ (ከሁለቱ የጨዋታው ወገኖች አንዱ) ከሆንክ ፓላዲኖችህን ታንክ ላይ አድርጋቸው። ፍላሽ ኦፍ ላይት ርካሽና ፈጣን ነው። ክሪት ባደረጉ (ሂሉ በዕድል ከወትሮው በላቀ) ቁጥር ደግሞ ኢሉሚኔሽን የሚባለው ታለንት የሂሉን ማና ይመልስላቸዋል፤ ስለዚህ ሲሠሩ ቢውሉ አይደክማቸውም። ሌላው ወገን፣ ሆርድ፣ ከሆንክ ሻማኖችህን ሜሊዎቹ (ቀርበው የሚመቱት) የተሰበሰቡበት ጋ ላካቸው። ቼይን ሂል ሦስት ሰው ይነካል፣ በየዝላዩ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግሩፕም አይመርጥም። የፕሪስት ፕሬየር ኦፍ ሂሊንግ ግን የራሱን ግሩፕ አምስት ሰዎች ብቻ ነው የሚያክመው። ፕሪስትህን ማን ግሩፕ ውስጥ እንደምታስገባ አስብበት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሁለት ፕሪስቶች አንድ ታንክ ላይ ሪኒው (ቀስ በቀስ የሚያክም ስፔል) ቢያደርጉ አይደራረብም። የድሩይዶቹ ሪጁቬኔሽንም እንደዚያው። ታንኩ ላይ ሪኒው የሚያደርገው አንድ ሰው ይሁን፣ ይታወቅ።

ጥያቄ፦ ሂሊንግ ሜትር (ማን ስንት እንዳከመ የሚያሳየው ዝርዝር) ላይ ሁሌ መጨረሻ ነኝ። ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበራችን) ውስጥ መቀለጃ ሆኛለሁ።

ወንድሜ፣ የሚቀልዱብህ ሰዎች ሜትሩን ማንበብ አልቻሉም።

ዳሜጅ ሜትር ይገባኛል። ቦሱ ደሙ የማያልቅ ያህል ነው፣ ሁሉም የቻለውን ይመታል። ሂሊንግ እንደዚያ አይደለም። የሚታከመው ጉዳት የተወሰነ ነው፤ አንዱ ከወሰደው ሌላው አያገኘውም። ሜትሩ አናት ላይ መውጣት የሚፈልግ ሂለር መንገዱ ቀላል ነው፦ የራሱን ታንክ ትቶ፣ ሌላው 2.5 ሰከንድ ሲያዘጋጅ የቆየውን በፍላሽ ሂል ቀድሞ መንጠቅ። ቁጥሩ ያምራል። ማናው ግን በሦስተኛው ደቂቃ ያልቃል፣ የተነጠቀው ሰው ሂልም ባክኖ ይቀራል።

እኔ ከሬይድ በኋላ የማየው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር፦ ሲሞቱ ማን ነበር የተመደበላቸው? ከመሞታቸው በፊት ባሉት አሥር ሰከንዶች ምን ሂል ደረሳቸው? ቀጥሎ የዲስፔል (ጎጂ ድግምት ከሰው ላይ የማንሳት) ቁጥር፤ ይህን ማንም አይቶ አያመሰግንም፣ ግን ሬይድ የሚያድን ሥራ ነው። ከዚያ ኦቨርሂል (ደሙ የሞላ ሰው ላይ የባከነ ሂል)። ለታንክ ሂለር ኦቨርሂሉ ከፍ ቢል አልቆጣም፤ ሥራው ቀድሞ ማዘጋጀት ስለሆነ ይባክንበታል። የሬይድ ሂለር ኦቨርሂል ከፍ ካለ ግን እጠይቃለሁ።

የተመደበልህ ሰው ካልሞተና ማና ከተረፈህ ሥራህን ሠርተሃል። ሊደርህ ይህ ካልገባው ሌላ ጊልድ ፈልግ፤ ሂለር የማይፈልግ ጊልድ የለም።

ጥያቄ፦ ሞልተን ኮር ውስጥ ሉሲፍሮን ላይ ሁሉም ሰው በአንዴ ይወድቃል። የመጀመሪያው ቦስ እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው፣ ራግናሮስ፣ እንዴት ሊሆን ነው?

ሉሲፍሮን የሂል ፈተና አይደለም፣ የዲስፔል ፈተና ነው። ኢምፔንዲንግ ዱም የሚባለው ከ10 ሰከንድ በኋላ 2000 ዳሜጅ ያደርሳል። ማጂክ ስለሆነ ፕሪስትና ፓላዲን ያነሱታል። ሌላው ከርስ (እርግማን) ነው፤ የስፔል ዋጋ እጥፍ ያደርጋል። እሱን ሜጅና ድሩይድ ያነሱታል። ሂለሮችህ ዱሙን ትተው ሂል ብቻ ካደረጉ በእጥፍ ዋጋ 2000 ሲሞሉ ይውላሉ። ለእያንዳንዱ ግሩፕ ዲስፔል የሚያደርግ ሰው በስም መድብ፣ ያበቃል።

ጌኸናስ የሚባለው ቦስ ላይም ሜጆችህን ቀስቅሳቸው። የእሱ ከርስ የሚደርስ ሂልን በ75 በመቶ ይቀንሳል። ታንኩ ላይ ከተቀመጠ ምንም ያህል ብትሞላ አይሞላም። መጀመሪያ እርግማኑ ከታንኩ ይነሳ፣ ሌላው ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ውጊያው ገና ሲጀመር ጭራቆቹ ወደ እኔ ይሮጣሉ። ምን አጠፋሁ?

ቸኩለሻል። ያከምሽው እያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ነጥብ ትሬት (ጠላት ማንን እንደሚያጠቃ የሚወስነው ቁጥር) ያመጣል፣ እሱም ውጊያው ውስጥ ላሉት ጠላቶች ሁሉ ይከፋፈላል። ታንኩ ገና ያልነካው ጭራቅ ካለ ለእሱ ቀዳሚዋ አንቺ ነሽ። የባከነ ሂል ትሬት የለውም፤ እውነተኛው ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ታንኩ ሁለት ሦስት ምት እስኪያሳርፍ ጠብቂ። ከመጡብሽ ፌድ (ትሬትሽን ለጊዜው የሚቀንሰውን ስፔል) ተጠቀሚና ወደ ታንኩ ሩጪ። ከታንኩ አትራቂ፤ እሱ አባሮ አይደርስብሽም። ዋሪየር ታንክ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሺልድ አታድርጊ። ሺልዱ የዋጠው ምት ሬጅ (ዋሪየር የሚሠራበት ጉልበት) አይሰጠውም፣ ሬጅ ከሌለው ጠላት ይዞ ማቆየት አይችልም። በጎ አስበሽ ነው፣ እሱ ግን በሆዱ ይረግምሻል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፓ ሰርቨር ነው የምጫወተው። ፒንጌ (ከሰርቨሩ ጋር ያለኝ መዘግየት) ከፍ ያለ ነው። ታንክ ሂለር መሆን እችላለሁ?

ጋሼ አትበለኝ፣ ገና ነኝ።

አፍሪካ ውስጥ ሰርቨር ስለሌለ ምርጫ የለንም። ትችላለህ፣ ግን አሠራርህን ቀይር። ጥሩ ታንክ ሂለር ትልቁን ሂል ቀድሞ ይጀምራል፤ ሊያልቅ ሲል ታንኩ ሙሉ ከሆነ ይሰርዘዋል፣ ካልሞላ ይለቀዋል። ማና የሚቆረጠው ስፔሉ ሲያልቅ ስለሆነ መሰረዝ በነጻ ነው። ፒንግህ ከፍ ካለ ግን አንተ የምታየው የታንኩ ደም ያለፈ ነገር ነው። ሰርቨሩ ጋ ስፔሉ ቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ሌሎቹ ከሚሰርዙበት ትንሽ ቀደም ብለህ ወስን። ስፔል ኪው ዊንዶው የሚባለውን ሴቲንግ ደግሞ አትቀንሰው፤ መነሻው 400 ሚሊሰከንድ ነው፣ ቀጣዩን ስፔል ቀድመህ እንድታሰልፍ ይረዳሃል።

ኔትህ የሚቆራረጥ ከሆነ ወይም መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆንክ ብቻህን ታንክ አትያዝ። ለሊደሩ በግልጽ ንገረውና ሬይድ ሂሊንግ ውሰድ። ድሩይድ ከሆንክ በተለይ ሪጁቬኔሽን ፒንግ ብዙም አያስጨንቀውም።

ጥያቄ፦ ሬይዱ 20፡00 ይላል። ለእኛ ስንት ሰዓት ነው? ሁለቴ አርፍጄ ቦታዬን ሰጡብኝ።

የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ከሆነ በክረምታቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በበጋቸው 3 ሰዓት። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ማርች መጨረሻና ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነቃ በል።

ጥያቄ፦ ብላክዊንግ ሌር ውስጥ ያለው ቦስ ቫኤላስትራዝ ላይም ዳውንራንክ ልጠቀም?

በፍጹም! ውጊያው ሲጀመር ቦሱ ራሱ በሰጠህ በረከት በየሰከንዱ 500 ማና ይገባልሃል። ለ3 ደቂቃ ማና የሚባል ሐሳብ የለም። ትልቁን ራንክ ብቻ አውጣ፣ አትቁም። በርኒንግ አድሬናሊን የሚባለው የእሱ ስፔል ከደረሰብህ ግን ሞትህ የማይቀር ነው፤ ስትሞት ትፈነዳለህ፣ ስለዚህ ከሰው ራቅ። ታንኩ ላይ ሲወድቅም ቀጣዩ ታንክ ማን እንደሆነ አስቀድመህ እወቅ፣ ሂልህን ወደ እሱ አዙር።

ጥያቄ፦ ናክስራማስ በሚባለው ሬይድ ውስጥ ሎዘብ የሚባለው ቦስ ላይ በደቂቃ አንዴ ብቻ ነው ሂል የሚቻለው የሚባለው እውነት ነው? ታዲያ ማን ይተርፋል?

እውነት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ውጊያ ነው፤ ምክንያቱም ፈጣን ጣት እዚህ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ሂለር በ60 ሰከንድ አንድ ሂል አለው፣ አለቀ። 12 ሂለር ካለህ ታንኩ በየ5 ሰከንዱ አንድ ሂል ያገኛል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ይጻፋል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ። ተራህ ሲደርስ ትልቁን ታወጣለህ። ከፊትህ ያለው ሰው ከጀመረ በኋላ ነው የምትዘጋጀው። ተራውን ያልጠበቀ አንድ ሰው የሁሉንም ሰንሰለት ያበላሻል፣ ለአንድ ደቂቃም ሊያስተካክለው አይችልም።

ሬይዱ ደግሞ ራሱን ያክማል። ባንዴጅ፣ ሄልዝስቶን፣ የሻዶ መከላከያ ፖሽን ያልያዘ ዳሜጅ አድራጊ አይግባ። እዚህ ላይ ሂለሩን መለመን ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ድሩይድ ነኝ፤ ኢነርቬት (ማና የሚመልሰውን ስፔሌን) ለማን ልስጥ? ሁሉም ይለምኑኛል።

ስፒሪቱ ከፍ ላለ ፕሪስት። ለ20 ሰከንድ የአምስት ሰከንዱን ሕግ ያነሳለታል፣ የስፒሪቱንም ምላሽ ያበዛዋል፤ ስፒሪት የሌለው ፓላዲን ላይ ይባክናል። ማናው ባዶ እስኪሆን አትጠብቂ። ግማሽ አካባቢ ስጪው፣ እሱም በዚያ 20 ሰከንድ ትልቁን ራንክ ሳያቋርጥ ያውጣ።

ጥያቄ፦ ማና ፖሽን መቼ ይጠጣል?

ጀማሪው ማናው ሲያልቅ ይጠጣል። ሜጀር ማና ፖሽን እስከ 2250 ይሰጣል። ይህን ያህል እንደጎደለህ ጠጣ፤ በ2 ደቂቃ አንዴ ስለሚፈቀድ፣ ቀድመህ ከጀመርክ ረጅም ውጊያ ውስጥ ሦስት ይደርስሃል። ዳርክ ሩን (ሌላ ማና የሚሰጥ ዕቃ) የመጠበቂያ ሰዓቱ ከፖሽን የተለየ ነው፣ ሁለቱንም መጠቀም ትችላለህ። ደምህን ግን ይቆርጣል። ራግናሮስ እሳት እያወረደ ሳለ አትጠቀምበት፤ ጎንህ ያለው ሂለር ማናውን አንተን ለማዳን ያወጣል።