ቀዩን ጽጌረዳ ልቀንስ?

ጥያቄ፦ ሠርጌ በጥር መጨረሻ ነው። ሚዜዎቼ ወይን ጠጅ ቀለም ይለብሳሉ፤ አዳራሹ በሙሉ በቀይ ጽጌረዳ እንዲያጌጥ እፈልጋለሁ። አበባ አዘጋጇ ግን «ቀዩን ቀንሺ» አለችኝ። ልስማት?
ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስሚያት እንጂ፣ እኅቴ! በዚያ ሰሞን የሆለታና የዝዋይ እርሻዎች ቀዩን ለፍቅረኞች ቀን ወደ አውሮፓ ስለሚልኩት እዚህ ይወደዳል። ደግሞም ቀይ ከወይን ጠጅ ጋር በማታ መብራት ይጠቁራል። አዳራሹን በነጭና በክሬም አስጊጪው፤ ቀዩ ለእቅፍሽ ይበቃል። የሚዜዎቹን ጨርቅ ቁራጭ ውሰጂላት፤ የስልክ ፎቶ ቀለም ያሳስታል። የአበባውን ዓይነት፣ ብዛትና የማድረሻ ሰዓት በጽሑፍ ተዋዋሉ። «አሳምርልሻለሁ» ውል አይደለም! በሩ ላይ ቀጠማ ይጎዝጎዝ፤ ለውጭ ገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ ሽታው እምብዛም ነው።