የደም ምርመራው «የለብሽም» ሲል እስከ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የ13 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ 34 ሳምንት ላይ ግፊቴ 170 በ110 ደርሶ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣው የግፊት በሽታ) ነው ተባልኩና ያለጊዜዋ በኦፕሬሽን ወለድኳት፣ አሁን ደህና ናት ተመስገን። ዘንድሮ ግፊቴ 110 በ70 ነው። ጓደኛዬ ግን በደም ቀድሞ የሚያሳውቅ ምርመራ አለ፣ አንዴ ከተሰራሽ እስክትወልጂ ግልግል ነው ትለኛለች። እውነት ነው? ልሰራው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምርመራው መኖሩ እውነት ነው፣ አንዴ ተሰርቶ ግልግል የሚባለው ግን የለም።

ነገሩ ያለው እንግዴ ልጁ ጋር ነው። ደህና የሆነ እንግዴ ልጅ ፒኤልጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ወደ እናትየው ደም ይለቃል፣ የደም ስሮቿን የሚንከባከብ ነው። ደም በደንብ የማይደርሰው እንግዴ ልጅ ግን እሱን እየቀነሰ ኤስፍሊት ዋን የሚባለውን ያበዛል፣ ይሄኛው ደግሞ ጥሩውን ፕሮቲን እየያዘ ስራ ያስፈታዋል፣ ግፊት መጨመሩም ሽንት ላይ ፕሮቲን መታየቱም በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ላብራቶሪው ሁለቱን ይለካና ኤስፍሊት ዋንን ለፒኤልጂኤፍ ያካፍለዋል። ይሄ የሚሰራው ግን ከ20 ሳምንት በኋላ፣ ግፊት ከፍ ብሎ ወይ ምልክት ታይቶ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ውጤታቸው 38 እና ከዛ በታች ከሆነው 100 ሴቶች 99ኙ በቀጣዩ አንድ ሳምንት ፕሪኤክላምፕሲያ አልያዛቸውም፣ ከ38 በላይ ከሆነው 100 ሴቶች ውስጥ ደግሞ በ4 ሳምንት የያዛቸው 37 አካባቢ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ለዚህ ሳምንት የለም» ሲል እመኚው፣ «ሊመጣ ነው» ሲል ግን ክትትሉ ይጥበቅ ማለት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

አንቺ ባለሽበት ሳምንት የሚሰራው ሌላ ነው፣ ፒኤልጂኤፍ ለብቻው ተለክቶ ከግፊትሽ፣ ከታሪክሽና ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በአልትራሳውንድ ታይቶ አንድ ላይ ይሰላል። ጥቅሙ አስፕሪን ለማን ይሰጥ የሚለውን ለመለየት ነው። አንቺ ግን ያለፈው እርግዝናሽ ብቻውን መልሱን ሰጥቷል! ባትሰሪውም ችግር የለውም፣ ይልቅ በዚሁ ሳምንት ሐኪምሽን ስለ አስፕሪን ጠይቂ፣ ከ16 ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው የሚሻለው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተጋላጭ የሆኑ ሴቶች ማታ ማታ 150 ሚሊግራም እስከ 36 ሳምንት ሲወስዱ ከ37 ሳምንት በፊት የሚያስወልደው ፕሪኤክላምፕሲያ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ግን ጨጓራ ቁስለት፣ አለርጂ ወይ የመድማት ችግር ካለሽ ንገሪያቸው፣ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ።

110 በ70 መሆኑም አያዘናጋሽ፣ በነዚህ ወራት ግፊት ወረድ ማለቱ የተለመደ ነው። ቤት የምትለኪ ከሆነ 5 ደቂቃ አረፍ ብለሽ፣ ጀርባሽን ተደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል አድርገሽ ለኪ፣ እየለካሽ ደግሞ አታውሪ (ብዙዎቻችሁ ስልክ እያወራችሁ ነው የምትለኩት!)።

140 በ90 ካየሽ ወይ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ስር ህመም፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ከመጣ፣ የደም ውጤትሽ ትናንት ጥሩ የነበረ ቢሆንም በዛው ቀን ሂጂ። 160 በ110 ከሆነ ደግሞ እስኪ ልድገመው እያልሽ ቤት አትቀመጪ።