የአያት ዌዘርኦልን ሞት ስትጽፊ ምልክት አትልቀሚ፣ መብራቱን ተከተዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በአሜሪካ አጭር ልቦለድ ስላለው ሞት፣ ጸጸትና ተምሳሌት 1,500 ቃል እንድትጽፊ ታዘሽ፣ የካተሪን አን ፖርተርን «ዘ ጂልቲንግ ኦፍ ግራኒ ዌዘርኦል» መርጠሽ፣ ረቂቁ «ተምሳሌቶቹን ዘረዘርሽ እንጂ አልተነተንሽም» ተብሎ ተመልሶልሻል። አንቺ ስላነበብሽው አልተርክልሽም። ላላነበቡት ያህል፦ አያት (በእንግሊዝኛው «ግራኒ») ዌዘርኦል የምትባል፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች አሮጊት በልጇ በኮርኔሊያ ቤት እየሞተች ሳለ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ጆርጅ የሚባል ሙሽራ በሠርጓ ዕለት የቀረባት ነገር ተመልሶ ይመጣባታል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1929 ወጥቶ፣ በ1930 በደራሲዋ የመጀመሪያ መድበል ውስጥ ገብቷል።

1. ከሁሉ በፊት ቃሉን አጥሪ። እንግሊዝኛው «ሪግሬት» ብሎ በአንድ የሚጠራውን አማርኛችን ለሁለት ይከፍለዋል። ጸጸት ሰው በገዛ ጥፋቱ ነው። ቁጭት ግን ሌላ ሰው ለነጠቀን ነገርም ይሆናል። የሄሚንግዌይን «የኪሊማንጃሮ በረዶዎች» (1936) ብታስተያዪ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። የታሪኩ ዋና ሰው ሃሪ፣ ደራሲ ነው፣ እሾህ የቧጨረውን ጉልበቱን አዮዲን ሳይቀባው ይቀርና እግሩ በጋንግሪን ይበሰብሳል፤ ተኝቶ የሚያስበው ደግሞ «በኋላ እጽፈዋለሁ» እያለ አቆይቶ ሳይጽፋቸው የቀሩትን ታሪኮች ነው። ቁስሉን ችላ እንዳለ ሥራውንም ችላ ብሏል። ይህ ጸጸት ነው።

አያት ዌዘርኦል ግን ምን አጠፋች? ጆንን አግብታለች፣ እሱ ሲሞትባት ልጆቹን አሳድጋለች፣ የአጥሩን ጉድጓድ በገዛ እጇ ቆፍራ መቶ ኤከር መሬት አጥራለች። የእሷ ቁጭት ነው። ማስረጃውም እዚያው አለልሽ፦ ጆርጅን ፈልገው እንደረሳችው እንዲነግሩት ታዛለች። የረሳ ሰው መልእክት አይልክም። የወሰደባት ሁሉ እንደተመለሰላት ታስነግርና ወዲያው ደግሞ ታፈርሰዋለች፤ ከቤቱ፣ ከባልና ከልጆች ሌላ የቀረ ነገር አለ ትላለች። ምን እንደሆነ ፖርተር አትነግረንም። ያንን ባዶ ቦታ በራስሽ ግምት አትሙዪው፤ ባዶ መሆኑን ጻፊ።

2. ሦስት ጊዜ አንብቢው። የመጀመሪያውን ያለ ብዕር። ሁለተኛውን በሁለት ቀለም፦ አሁን ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን በሰማያዊ፣ ትዝታውን በቀይ አስምሪ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ቀለሙ ከተለወጠ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጊና ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ያሻገራት ምን እንደሆነ ጻፊ፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ወይም ብርሃን ሆኖ ታገኚዋለሽ። በሦስተኛው ንባብ አንድ ነገር ብቻ ተከተዪ። ስለ እሱ ነው አሁን ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ምክንያቱም ረቂቅሽ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

3. «መብራት ሕይወትን ይወክላል፣ ጭስ ገሃነምን ይወክላል፣ ሰማያዊ ሰማይን ይወክላል» የሚለው ዝርዝር ከኢንተርኔት እየተገለበጠ ስንቱን ጎበዝ ተማሪ ማርክ አስጥሏል! የሚያሳዝነው፣ ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው። መብራቱ የሚወክለው ነገር አለ። ግን ታሪኩ ሲጀምር የነበረው ትርጉም ሲያልቅ የለም፤ ዝርዝር ደግሞ ለውጥ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሪ፦ መብራቱ የት ታየ፣ በማን እጅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ።

መጀመሪያ፦ ትዝታ ውስጥ ነን። ጉም ሸለቆውን ሞልቶ ዛፎቹን እየዋጠ ሲመጣ ገብታ ኩራዙን ታበራለች። ልጆቹ ዙሪያዋን ተጠጋግተው እጇን ያያሉ፤ እሳቱ ሲይዝ ፍርሃታቸው ይለቃቸውና ከእናታቸው ይርቃሉ። ብርሃኑን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ስጦታው ደግሞ ልጆቹ እንዳይፈልጓት የሚያደርግ ነው። እዚህ ላይ ቆም በዪ፣ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል።

ቀጥሎ የሠርጉ ቀን፦ ሁሉም ነገር በረድፍ የተተከለበት ብሩህ ማሳ ላይ ጥቁር ጭስ ተነሥቶ ይሸፍነዋል። እዚህ ብርሃኑ በእጇ አይደለም፤ ሌላ ሰው ባለመምጣቱ ጠፋ። ረድፉንም ልብ በዪ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ማሰሮና ማበጠሪያ ሳይቀር በሥርዓት የምትደረድር ሴት ናት።

መጨረሻ፦ ከኮርኔሊያ መብራት የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን እየጠበበ አእምሮዋ ውስጥ ነጥብ ያህል ይሆናል። አምላኳን ምልክት ስጠኝ ትላለች፤ ምልክት የለም። ቄሱ ቤት ውስጥ አሉ፣ ሙሽራው ዳግመኛ የለም። ያን ጊዜ መብራቱን ራሷ እፍ ብላ ታጠፋዋለች።

የእኛ አንባቢ እዚህ ጋ ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ማቴዎስ 25ን፣ የአሥሩን ደናግል ምሳሌ፣ ከልጅነቱ ሲሰማው ያደገ ነው። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ቸኩለው አሮጊቷን ከሰነፎቹ ጋር ይቆጥሯታል። ሰነፎቹ ዘይት አልያዙም፣ መብራታቸውም ሊጠፋባቸው ደረሰ። እሷ ተዘጋጅታለች፤ ነጩን መሸፈኛ ለብሳ፣ ነጩን ኬክ አዘጋጅታ የጠበቀች ናት። የልባሞቹን ሥራ ሠርታ ሙሽራው ቀረ። ፖርተር ምሳሌውን የገለበጠችው እዚያ ላይ ነው፣ የጽሑፍሽ ዋና ሐሳብም ይህ ይሁን። ብቻ «እግዚአብሔር ተዋት» ብለሽ አትጻፊ። ተራኪው ከአሮጊቷ አእምሮ ርቆ አይወጣም፤ የምናውቀው ምልክት እንዳላየች ብቻ ነው።

4. ሁለተኛ ነገር መጨመር ካለብሽ መቁጠሪያውን ውሰጂ። ከእጇ ይወድቅና የልጇን የጂሚን አውራ ጣት ትይዛለች፤ ዶቃ አይበቃም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው የፈለገችው። ይህን አንድ እንቅስቃሴ በቅርብ አይተሽ ብትጽፊ አሥር ተምሳሌት ከመዘርዘር ይበልጣል።

ቃሉን እንዲህ አከፋፍዪው፦ መግቢያ 150፣ ቁጭቱ 350፣ መብራቱ 700፣ አውራ ጣቱ 200፣ መውጫው 100። ሃፕሲ የምትባለውን ልጇን በወሊድ ሞተች ብለሽ እንደ ሐቅ አትጻፊ፤ ሕፃን ታቅፋ ትታያለች እንጂ መሞቷንም ሆነ አሟሟቷን ታሪኩ በግልጽ አይናገርም።

የርእሱን አማርኛ ከጠየቁሽ ደግሞ «ሙሽራው የቀረባት አያት» በዪ። «የተተወችው» ካልሽ ባሏ የፈታት ትመስላለች፤ «የቀረባት» ግን ለሠርጉም ቀን ለሞቷም ቀን ይሆናል።