“ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” ብሉይ ኪዳን ላይ አለ እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው ማኅበር ላይ ዳንኤል 2፥21 ተነሳ፣ ያው ነገሥታትን ያፈልሳል ነገሥታትንም ያስነሣል የሚለው፣ ከዛ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት “እንግዲህ ሹም ሁሉ ከላይ ነው የተሾመው፣ ክፉም ቢሆን አፍን መዝጋት ነው” አሉ። እኔ አልዋጥልኝ አለ። ክፉ ገዢንም እግዚአብሔር ነው እንዴ የሚያስቀምጠው? ከሆነስ ዝም እንበል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ያደግኩት ይሄንኑ ስሰማ ነው። ነገሥታቶቻችን ማዕረጋቸው ሥዩመ እግዚአብሔር (እግዚአብሔር የሾመው) ነበር፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥትማ ጭራሽ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ ነው ይል ነበር። “ንጉሥ አይከሰስ” የሚለው ተረት ግን የኛ ነው እንጂ የብሉይ አይደለም። ብሉይ ላይ ንጉሥ ሲከሰስ ነው የምታዪው፣ አክዓብ የናቡቴን ወይን ቦታ ሊወርስ ሲወርድ ኤልያስ እዛው ወይኑ መሃል ሄዶ ነው ያገኘው፣ ዳዊትንም ናታን ፊት ለፊት “ያ ሰው አንተ ነህ” ብሎት ወዲያው ምን አስከተለ መሰለሽ፣ ንጉሥ እንድትሆን ቀባሁህ የሚለውን የእግዚአብሔር ቃል! መቀባቱ መከላከያ ሊሆነው ቀርቶ እሱ ራሱ ክስ ሆነበት።

ክፉውንስ ማን አስቀመጠው ላልሽው፣ ምሳሌ 21፥1ን እይው፣ የንጉሥ ልብ በእግዚአብሔር እጅ እንደ ውሃ ፈሳሽ ነው ይላል። ዕብራይስጡ ፓልጌ ማይም ነው የሚለው፣ ግዕዝ ለለመደ ጆሮ ፈለገ ማይ ማለት ነው እኮ (የኛው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስም ላይ ያለው ፈለገ!)፣ እና እዚህ ጥቅስ ላይ የመስኖ ቦይ ነው የሚታሰበው። ቆጋ መስኖ ሄደሽ ካየሽ ይገባሻል፣ ውሃው የሚወርደው በራሱ ጉልበት ነው፣ ገበሬው ግን እዚህ ጋ በጭቃ ይዘጋል እዛ ጋ ይከፍታል። የአሦር ንጉሥም እንደዛ ነው፣ ኢሳይያስ 10 ላይ የእግዚአብሔር የቁጣ በትር ይባላል፣ እሱ ግን በልቡ ያሰበው ሕዝብ ማጥፋት ነበር፣ ስለዚህ በትርነቱ ነፃ አላወጣውም፣ በትዕቢቱ ተቀጣ። የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን ደግሞ፣ ቂሮስ እግዚአብሔርን ሳያውቀው፣ “የቀባሁት” ይለዋል።

ግን ሁሉም ቦታ አንድ አይነት ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ ሆሴዕ 8፥4 ላይ እኮ ንጉሥ አነገሡ ከእኔ ዘንድ ግን አይደለም ይላል፣ በግልጽ። ይሄን ጥቅስ ማኅበር ላይ የሚያነሳ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ዳንኤል ስንመለስ፣ ያንን ጥቅስ የተናገረው የሹም አሽከር ሆኖ አይደለም፣ ምርኮኛ ነው፣ ናቡከደነፆር የባቢሎን ጠቢባን በሙሉ ይገደሉ ብሎ እሱንም ለመግደል እየተፈለገ፣ ሕልሙ ሌሊት ሲገለጥለት ያቀረበው ምስጋና ነው። ደሞ አስተውይ፣ ያፈልሳል ነው የሚቀድመው። አባታችንን በክብር፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ምዕራፍ 4፥27ን አንብቢላቸው፣ እዛ ጋ ዳንኤል ራሱ ንጉሡን ኃጢአትህን ተው ለድሆችም ራራ እያለ ፊት ለፊት ይመክረዋል።