መልስ፦ ልጄ እያደገች ስለሆነ የመጥለቂያ ልብሷን አንድ ቁጥር ላስበልጠው?

አታስበልጪው። ጃኬት "ታድግበታለች" ተብሎ ይገዛል፣ ዌትሱት የሚባለው የመጥለቂያ ልብስ ግን አይሆንም። ልጅሽን የሚያሞቃት ልብሱ የተሠራበት ኒዮፕሪን የሚባለው ስፖንጅ መሰል ጎማና በእሱና በቆዳዋ መሃል የሚቀረው ስስ ውሃ ነው፤ ልብሱ ከሰፋ ያ የሞቀው ውሃ ይወጣና ቀዝቃዛው ይገባል። ትጠልቅበታለች ያልሽው በእስራኤል ያለው የኢላት ባሕር ደግሞ በክረምት 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልብስ ያስፈልጋታል።

ሱቅ ውስጥ አልብሻትና ቁጢጥ ትበል፣ እጇንም ወደ ላይ ታንሳ። ከዚያ ወገቧና ብብቷ ጋ ልብሱን ቆንጥጠሽ ሳቢው፤ እፍኝ ሙሉ ከመጣልሽ ሰፍቷታል። አንገቱ ላይ ግን አንድ ጣት ሳይጨናነቅ ይግባ፣ አንገት የሚያንቅ ልብስ ራስ ያዞራል። እጅጌው ትንሽ ቢያጥር ግድ የለም።

ዋጋው ከከበደሽ ተከራዪ ወይም ያገለገለ ፈልጊ። የልጆች ልብስ ሳያልቅ ነው የሚጠባቸው።

አንድ ነገር አደራ። ልጄ ከ3 ወደ 5 ሚሊሜትር ሲቀይር ውሃ ውስጥ እንዲወርድ ወገቡ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደት እንደነበረ ተውነው። ወፍራም ኒዮፕሪን ይበልጥ ያንሳፍፋል። መጨረሻ ላይ አየሩ እያለቀ ታንኩ ሲቀል፣ ከመውጣቱ በፊት ለደኅንነት 5 ሜትር ጥልቀት ላይ መቆም አቅቶት እየተንሳፈፈ ወጣብኝ፣ ክው ነው ያልኩት። ልብስ በቀየረች ቁጥር የእርሳሷን ክብደት መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አሠልጣኟ እያየ ሞክሩት።