የተቀበረ የውሃ መስመር መሬት ሲንቀጠቀጥ የት ነው የሚለቀው?

«አዲሱ መስመራችን የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ብረት ይሁን ወይስ ፕላስቲክ?» ላላችሁት፦ ከቧንቧው ዓይነት በፊት መገጣጠሚያውንና መስመሩ የሚያልፍበትን አፈር እዩ።

የተቀበረ ቧንቧ እንደ ሕንፃ አይወዛወዝም። አፈሩ አቅፎ ስለያዘው አፈሩ በሄደበት ይሄዳል። የንዝረቱን ጫና በግምት ለማወቅ የመሬቱን ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ፍጥነት በመሬት ውስጥ ለሚያልፈው የመንቀጥቀጡ ማዕበል የጉዞ ፍጥነት አካፍሉት። መሬቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር፣ ማዕበሉ በሰከንድ 1,000 ሜትር ቢሄድ ውጤቱ 0.0005 ነው፤ በ6 ሜትር ቧንቧ 3 ሚሊ ሜትር መሳብ ወይም መጨመቅ ማለት ነው። በትክክል የተገጠመ የጎማ መገጣጠሚያ ይህን ይችለዋል። የማይችሉት በእርሳስ ወይም በሲሚንቶ የተደፈኑ የድሮ ካስት አይረኖች (ተሰባሪ የብረት ቧንቧዎች)፣ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧዎችና ጥርሳቸውን ዝገት የበላው ጋልቫናይዝድ ቧንቧዎች ናቸው።

የከፋው መሬቱ ቦታውን ለቆ ሲቀር ነው። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፣ ተዳፋት ይንሸራተታል፣ የመሬት ስንጥቅ (ፎልት) መስመሩን ያቋርጣል። ያኔ እንቅስቃሴው በሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም በሜትር ይለካል፤ ተራው የጎማ መገጣጠሚያም የሚይዘው ስለሌለ እንደ ጎራዴ ከአፎቱ ይመዘዛል።

እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በሙቀት የተበየደ ኤችዲፒኢ (ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በመንቀጥቀጡ አሸዋው ሲፈስስ ከሌሎቹ በጣም ባነሰ ጉዳት አልፏል። ሁለተኛው ጃፓኖች የሚጠቀሙበት መገጣጠሚያው መቆለፊያ ያለው ዳክታይል አይረን (በቀላሉ የማይሰበር የብረት ቧንቧ) ነው። መገጣጠሚያው የቧንቧውን ርዝመት 1 በመቶ ያህል (በ6 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር) ይወጣል ወይም ይገባል፤ ዳር ሲደርስ ቁልፉ ይይዝና ቀጣዩን ቧንቧ እንደ ሰንሰለት ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ የጃፓን ኮቤ መንቀጥቀጥ ተራ መገጣጠሚያዎች በብዛት ሲመዘዙ ይህ ዓይነቱ ጸንቷል። ውድ ስለሆነ በጠቅላላው መስመር ላይ አልመክረውም፤ ልል አፈር ላይ ብቻ ይበቃል።

ኤችዲፒኢ ግን ከብየዳው አይበልጥም። በኤሌክትሮፊውዥን (በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ማገናኛ) ስትበይዱ የቧንቧውን ላይኛ ቆዳ በመፋቂያ አንሡ፤ በአሸዋ ወረቀት ማሸት አይተካውም። እርጥበትና አቧራ አይንካው፣ የማቀዝቀዣው ጊዜ ሳያልቅም አታንቀሳቅሱት። በጎማ ለሚገጠም ፒቪሲ ደግሞ ቧንቧውን ጫፉ ላይ እስካለው ምልክት ብቻ አስገቡ። መቆሚያው ድረስ የተገፋ ቧንቧ ሲጨመቅ የሚሄድበት ስለሌለው ሶኬቱን ይሰነጥቃል።

ብዙዎች የሚረሱት ቧንቧው ወደ ማጠራቀሚያ ወይም ወደ ቫልቭ ጉድጓድ የሚገባበትን ቦታ ነው። ግንቡ በመሠረቱ ላይ ይቆማል፣ ዙሪያው የተሞላው አፈር ይሰምጣል፣ ቧንቧው ከግድግዳው ፊት ላይ ይቆረጣል። ሁለት ተጣጣፊ ኮፕሊንግ (ማገናኛ) በመካከላቸው አጭር ቧንቧ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ አንዱ ብቻውን የሚፈቅደው መታጠፍን እንጂ ወደ ታች መውረድን አይደለም። በግድግዳው ያለውን ቀዳዳም ከቧንቧው አስፍታችሁ ክፍተቱን በኮንክሪት ሳይሆን በለስላሳ ነገር ሙሉት።

የታወቀ ስንጥቅ የሚያቋርጥ የብረት መስመር ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ እንዲሳብ እንጂ እንዳይጨመቅ ተደርጎ ይዘርጋ፤ ብረት ሲጨመቅ ይጨማደዳል። እ.ኤ.አ. በ1999ኙ የቱርክ ኮጃኤሊ መንቀጥቀጥ 2.2 ሜትር ስፋት ያለው የተበየደ መስመር ስንጥቁ ባለፈበት ቦታ ተጨማድዶ አፍስሷል። ጉድጓዱ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ይሁን፣ በልል አሸዋ ይሞላ፣ «ቲ» (ቅርንጫፍ ማውጫ) እና የኮንክሪት መደገፊያ ከአካባቢው ይራቁ፣ ቫልቭም በሁለቱም ወገን ይኑር።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ መጀመሪያ የማጠራቀሚያውን መውጫ ዝጉ፤ አለዚያ ለእሳት ማጥፊያ የሚሆነው ውሃ መሬት ውስጥ ያልቃል። ማጠራቀሚያው ሁለት ከሆነ አንዱን ለዚሁ ያዙ። ከዚያ ክፍል በክፍል፣ አየሩን እያስወጣችሁ በዝግታ ሙሉ። ግፊቱ ሲወድቅ ቆሻሻ ውሃ በቧንቧው ስንጥቅ ሊገባ ስለሚችል ክሎሪን ሳይጨመርና ሳይመረመር ለመጠጥ አይለቀቅ። አንዱን ስትጠግኑ ግፊቱ ከፍ ይልና ተደብቆ የነበረው ቀጣዩ ይገለጣል፤ ስለዚህ የምታዝዙትን የጥገና ክላምፕ (የተሰነጠቀ ቧንቧ ማቀፊያ) ብዛት በመጀመሪያው ቀን ባያችሁት ፍሳሽ ብቻ አትወስኑ።